ለበረሮ አራስ የተሠራ ገንፎ

ልጄ ሞታ ገና እንባዬ ሳይደርቅ ባሌ በረሮ ይዞልኝ ገባ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ ዛሬ እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም። «ሌላው ሰው ልጅ ሲሞትበት ዘመድ ያጽናናዋል፤ እኔን በረሮ ያጽናናኝ?» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ባሌ ቢቸና የሳይንስ አስተማሪ ነበር። አብራው ታስተምር የነበረች ፈረንጅ ጊዜዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ በመስታወት ሣጥን ታኖራቸው የነበሩትን በረሮዎች ለእሱ ትታለት ሄደች። ማዳጋስካር ከሚባል ደሴት የመጡ ናቸው አለኝ። እንደ እኛ አገር በረሮ አይደሉም። ክንፍ የላቸውም፤ ትልቁ ከአውራ ጣት ይበልጣል፤ ጀርባቸው እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ሲነኳቸው አይሮጡም፤ ባሉበት ተለጥፈው «እሽሽሽሽ» ይላሉ፣ ልክ እንደ እባብ። ድምፁ ከአፋቸው እንዳይመስልሽ አለኝ ባሌ፤ በጎንና በጎናቸው ጥቃቅን ቀዳዳ አለ፣ የሚተነፍሱትም የሚጮኹትም በዚያ ነው። «እኔ ምን አገባኝ» አልኩት።

ነገሩ ከበረሮው ሳይሆን ከአማቴ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እኔ ደግሞ እናት የለኝም፤ ጡት ሳልጥል ነው የሞተችብኝ። ያሳደገኝ አባቴ ነው፣ ደብረ ወርቅ፣ ቅኔ ከሚያስተምራቸው ተማሪዎች መካከል። አባቴ ምላስ አስተማረኝ እንጂ ምጥ ምን እንደሆነ ሊያስተምረኝ አይችልም። ስለዚህ ሳረግዝ ተስፋዬ ሁሉ አማቴ ነበሩ። ሞጣ ድረስ ሰው ላክንባቸው፤ «እመጣለሁ» አሉ። የመውለጃ ወሬ ገባ፣ አልመጡም። ምጥ ያዘኝ፣ አልመጡም። ጎረቤቶች አዋለዱኝ፤ ልጅቱ አንዴ እንኳ ሳታለቅስ ቀረች። ለልቅሶም አልመጡም። ጎረቤቶቼ ገንፎ ሠርተው አጎረሱኝ፣ እግዜር ይስጣቸው፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ጉርሻ በሩን አይ ነበር። ከዚያ ወዲያ አማቴን ቂም ያዝኳቸው። በቂም ጎበዝ ነኝ፤ አንዴ ከያዝኩ ቶሎ አልለቅም።

ባሌ ሣጥኑን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጦ፣ ምን እንደሚበሉ ነግሮኝ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። አላየሁም፣ አልሰማሁም ብዬ ዋልኩ። በማግስቱም እንዲሁ። አንድ ረፋድ ላይ ግን ዓይኔን ጣል ባደርግ ትንንሾቹ ተደራርበው አንዲት የደረቀች የጥጥ ድብልብል ይልሳሉ። ውሃ በሣህን አይሰጣቸውም፣ ጫጩቶቹ ሰጥመው ያልቃሉ፤ በጥጥ ነክሮ ማኖር ነው። ጥጡ ደርቆባቸዋል። እኔ ቂሜ ከአማቴ ነው እንጂ ከበረሮ አይደለም ብዬ ተነሥቼ ጥጡን ነከርኩት። በዚህ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ የድንች ልጣጭ የሚጣል ነገር መሆኑ ቀረ። ጎመኑን እደቁስላቸዋለሁ፣ እንጀራ አድርቄ አፈረፍርላቸዋለሁ፤ ከዓባይ በረሃ ሙዝ የመጣ ቀን ድግስ ነው። የቢቸና ብርድ እንዳይገድላቸው ጠዋት ጠዋት አመዱን ሳልጠርግ ሙቀቱን አቆይላቸዋለሁ። ትንንሾቹ ሲያድጉ ቆዳቸው ይጠባቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ ተሰንጥቆ ነጭ ሆነው ይወጣሉ፣ የጣሉትን ቆዳ ዞረው ይበሉታል፣ እስከ ማታ ተመልሰው ይጠቁራሉ። አንዱ ቆዳውን ሲጥል ግማሹ ላይ ተይዞ ሲፍጨረጨር ያየሁ ቀን ወጥ አረረብኝ። ምን ልደብቅ፣ ወደድኳቸው።

ውሎ ሲያድር ጫጩቶቹ በመስታወቱ ላይ ሽቅብ እየወጡ ማምለጥ ጀመሩ። ፈረንጇ የሣጥኑን አፍ የምትቀባው ቅባት ነበራት፤ እሱ ሲያልቅ ባሌ ቅቤ በጣቱ እየዛቀ የሣጥኑን ከንፈር ዙሪያውን ይለቀልቅ ጀመር። እግራቸው ቅቤው ጋ ሲደርስ ተንሸራትተው ይወድቃሉ። «የሚስትህን ፀጉር ሳትቀባ ሣጥን ትቀባለህ!» እያልኩ እስቅበት ነበር።

መንደሩ ዝም አላለም። አንዲት ጎረቤቴ እሳት ልትጫር ገብታ «እሽሽሽ» ሲል ሰምታ፣ እሳቱን ትታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ገበያ ስወርድ፣ ቤታችን ዘንዶ ታስሮ እንደሚቀለብ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ኧረ ዘንዶ አይደለም፣ በረሮ ነው» ብዬ ባስረዳቸው ባሰብኝ። ዘንዶ የሚያሳድግ ሰው ቢያንስ ይፈራል፤ በረሮ የሚያሳድግ ሰው ምን ይባላል?

በዚያው ክረምት መግቢያ እንደገና አረገዝኩ። ለባሌ ብቻ ነገርኩት፤ ለማንም እንዳይተነፍስ፣ በተለይ ሞጣ ወሬው እንዳይደርስ አስማልኩት። ሁለተኛ በር እያየሁ መውለድ አልፈለግሁም።

ፍልሰታ እንደገባ ግን ሳይጠሩ መጡ። ከሞጣ በበቅሎ፣ ጭቃ ለጭቃ፣ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቦ። «ልጄ ናፍቆኝ ነው» አሉ፣ ለልጃቸው እንጂ ለእኔ አላሉም። አንድ ቅል ሙሉ ለጋ ቅቤ ይዘዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ እግራቸውን አጠብኩ፣ መኝታ አነጠፍኩ። ምንም አላጎደልኩም፤ ፈገግታ ብቻ አልጨመርኩበትም። ገብቷቸዋል፤ ቀና ብለው አያዩኝም።

ዝምተኛ ሴት ነበሩ። የሚሠሩት ሲያጡ ከምድጃው ዳር ይቀመጣሉ፤ ያም ከሣጥኑ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ትልቋን በጣታቸው ነካ ቢያደርጓት «እሽሽሽ» አለችባቸው። አማተቡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣

«ይቺስ ሚስትህን ትመስላለች፤ ሲነኳት ነው የምትናገር» አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ደስ እንዲላቸው አልፈለግሁም።

ቀስ በቀስ የእኔን ሥራ ወረሱት። ጎመኑን እሳቸው ይደቁሳሉ፣ ጥጡን እሳቸው ይነክራሉ። ባሌ ጫጩቶቹ ቶሎ እንዲያድጉ የዱቄት ወተት ጣል ሲያደርግ ያዩት ቀን ግን እጁን ያዙት።

«በፍልሰታ?»

«እማዬ፣ በረሮ እኮ ነው።»

«ቤት የገባ ሁሉ በቤቱ ሥርዓት ያድራል። ጎመን ይበቃቸዋል።»

በረሮዎቹ ጾሙ። ምንም አልሆኑም።

አንድ ጠዋት፣ «ነይ፣ ነይ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» ሲሉ ሰማሁ። በጉልበታቸው ተንበርክከው አገጫቸውን ሣጥኑ ላይ ሊያስደግፉ ደርሰዋል። ትልቋ በረሮ ወልዳለች። እነዚህ በረሮዎች እንቁላላቸውን ጥለው አይሄዱም፤ ሆዳቸው ውስጥ ተሸክመው ልጆቹን በሕይወት ነው የሚወልዷቸው። ጫጩቶቹ ነጫጭ ናቸው፣ ገና አልጠቆሩም፤ እናታቸው ሥር እየተጋፉ ይገባሉ። እሷም ከፍ ብላ ቆማ ታስገባቸዋለች።

«ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ» አሉ አማቴ። «አየሽ? አንዱም አልሞተባትም።»

ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ለበረሮ የሚያለቅስ ሰው አላየሁም ነበርና ግራ ገባኝ። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የሚማሰል ነገር ድምፅ ሰማሁ። ገንፎ ነው። በትንሽ ሣህን፣ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ፣ ቅቤው ቀልጦ ገብቶበት ይዘውት ወጡ።

«ፍልሰታ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«አራስ አትጾምም» አሉ፤ በጣታቸው ጫፍ ትንሽ ቆንጥረው ለበረሮዋ አቀረቡላት። «ብዪ የኔ እናት። ብዪ፣ ሆድሽ ባዶ ነው።»

በዚህ ጊዜ አቃተኝ። አፌ እንኳን ለዚህ ለሌላም አይታገስም።

«ለበረሮ!» አልኩ። «ለበረሮ ገንፎ ይሠራሉ! እኔ ስወልድ የት ነበሩ? እኔ አራስ ሆኜ፣ ልጄን ቀብሬ፣ በር በር ሳይ የት ነበሩ? ከበረሮ አነስኩብዎት?»

እጃቸው ሣጥኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ገንፎውን መሬት አስቀመጡት።

«እውነትሽን ነው» አሉ።  እኔም ውጪ ወጥቼ፣ ዝናቡ ላዬ ላይ እየወረደ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጫጩቶቹ እዚህም እዚያም ተበትነው በጀርባቸው ተኝተዋል። ያብለጨልጫሉ። አንዱን በጣቴ ባነሣው ያሙለጨልጫል፤ ባሸተው ቅቤ ነው። እናታቸውን ነካሁ። አለች፣ እግሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ድምፅ ግን የላትም። እሷም ቅቤ ናት። ከጥጡ ኋላ ተሸሽገው የቀሩ ጥቂት ጫጩቶች ብቻ ደኅና ነበሩ።

አማቴ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ምን አደረጉ?» አልኩ፤ ግን ገብቶኛል። ልጃቸው በየጊዜው የሣጥኑን አፍ ቅቤ ሲቀባ አይተዋል፤ ቅቤው ለጫጩቶቹ ነው ብለው፣ በንፍገት ሣጥኑን ብቻ የሚያቀምሰው መስሏቸዋል። ከዚያ እነዚህ ነጫጭ ሆነው ሲወለዱ የበረዳቸው መሰላቸው። አራስ ልጅ ሲበርደው በእኛ አገር ምን ይደረጋል? ገላው በቅቤ ይታሻል። የእናትየዋም አናቷ ቅቤ ይደረግበታል። ከሞጣ ባመጡት ለጋ ቅቤ፣ አንድ በአንድ፣ በትንሽ ጣታቸው አሽተዋቸዋል።

አማቴ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እጄ ነው» አሉ። «እጄ ነው፣ ልጄ። አሁንስ አየሽው።»

ከዚያ ነገሩኝ። ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለልጃቸውም ጭምር፤ እሱም ከዚያ በፊት ሙሉውን አልሰማም ነበር። የወለዷቸው ልጆች ሁሉ ሳይጠኑ ይሞቱባቸው ነበር። ሰው ሾተላይ ይለዋል፤ ልጅ የሚቀማ ነገር አድሮባታል ይላል። እሱ ሲወለድ፣ ሾተላዩ እንዳይሰማ ተብሎ እልልታ አልተባለም። እናቱም እንዳያዩት ዓይናቸው በነጠላ ተሸፍኖ፣ ልጁ በጓሮ በር ወጥቶ ለሌላ ሴት ተሰጠ፤ ያጠባችውም እሷ ናት። ስም ሲወጣለትም ማንም የማይመኘው፣ የሚጣል ዕቃ ስም አወጡለት፤ እዚህ አልጽፈውም፣ እስከ ዛሬ የሚጠራበት እሱው ነው። እሱ ብቻ ተረፈ።

«ያን ጊዜ መጥቼ ነበር» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ደብረ ወርቅ ደርሼ፣ ያደርኩበት ቤት ሴትዮ የት ነው የሚሄዱት ብትለኝ፣ ምራቴ ልትወልድ ነው አልኳት። ታሪኬን ታውቃለች። የሾተላይ ሴት አራስ ቤት ትገባለች እንዴ? አለችኝ። ከዚያ ተመለስኩ። ተመልሼም አልቀረልሽም፤ መንገድ መጀመሬ ሾተላዩን ለማድረስ በቃ። ለልቅሶውስ በምን ዓይኔ ልይሽ?»

ይህን ሁሉ ጊዜ የያዝኩት ቂም ደብረ ወርቅ፣ አባቴ መንደር፣ አንዲት ሴት ደጃፍ ላይ ቆሞ ኖሯል።  

እሳቸው ግን ተነሥተው ዕቃቸውን ይሸክፉ ጀመር። ባሌ ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ ያስረዳል።

«እማዬ፣ በጎናቸው ነው የሚተነፍሱት። ቅቤው መተንፈሻቸውን ደፈነው። ታፍነው ነው የሞቱት። ያንቺ እጅ ምንም አላደረገም።»

«መተንፈሻ በጎን!» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ለእናትህ ብለህ የማይሆን ነገር አትፍጠር ልጄ። መተንፈሻስ በአፍንጫ ነው።»

ያኔ እኔ ተናገርኩ። እንዲቀሩ ብዬ ነው።

«እማማ፣ አርግዣለሁ» አልኩ።

ቀጥ ብለው ቆሙ። ፊታቸው ላይ ደስታው ሲመጣና ሲሸሽ አየሁት።

«እንግዲያማ ዛሬውኑ ልሂድ» አሉ። «አሁኑኑ። በቅሎውን አስጭንልኝ፣ አንተ ልጅ። ከዚህ ቤት ውሃ እንኳ አልጠጣም።»

ንዴቴ መጣ። የድሮው ንዴት አልነበረም፤ የድሮው ለምን አልመጡም የሚል ነበር፣ ይሄኛው ለምን ይሄዳሉ የሚል ነው። እናት አግኝቼ ሳላበቃ በሾተላይ ልነጠቅ ነው። ሰው በትምህርት እንቢ ካለ በምን ይያዛል? ቅሉን ከፈትኩና አንድ ጣት ቅቤ ዛቅሁ። ከጥጡ ኋላ ከተረፉት አንዱን ጫጩት አንሥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። ጠቁሯል፣ ደኅና ነው፣ ይሄዳል። ጣቴን ወደ ጀርባው አስጠጋሁ።

አማቴ ነጠላቸውን ጥለው እጄን ለቀም አደረጉት።

«ተይ! ምን ሆነሻል? ይሞታል!»

«ምን ይገድለዋል?» አልኳቸው። «የእኔ እጅ ሾተላይ የለበትም።»

«ቅቤው ነዋ! ቅቤው አይገድለ…»

አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

   አማቴ እጄን እንደያዙ ጫጩቱን አዩት፣ ቅቤውን አዩት፣ እንደገና ጫጩቱን አዩት። አባቴ ተማሪዎቹን የሚረታቸው መልሱን ከራሳቸው አፍ አስወጥቶ ነበር፤ ከእሱ የወረስኩት ሀብት ይኸው ነው።

«እርስዎ ነዎት ያሉት፣ እኔ አላልኩም» አልኳቸው። «ስንት ቀን በእጅዎ ጎመን በልተዋል? ስንት ቀን በእጅዎ ጠጥተዋል? ማን ሞተ?»

ጣቴን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፤ በደንብ፣ ጥፍሬ ሥር ሳይቀር። ከዚያ ጫጩቱን በባዶ እጃቸው ከመዳፌ አንሥተው፣ ትንሽ ያዙት።  መዳፋቸውን ተሻግሮ ወደ ጣታቸው ሄደ፤ እሳቸውም ወደ ሣጥኑ መለሱት። እናትየዋን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጥጥ አብረን ጠራረግናት፤ እሷም ዳነች።

ልቅር፣ ልሂድ አላሉም። ከምድጃው ዳር ተመልሰው ተቀመጡና ሆዴን አዩት።

«ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ።

ምጥ የያዘኝ በየካቲት ነው፣ እኩለ ቀን ላይ። ጎረቤቶቼ ተሰበሰቡ። አማቴ ውሃ አፈሉ፣ ጨርቅ አቀረቡ፣ ሁሉን አሰናዱና ከመኝታው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሴቶቹ ይወጣሉ ይገባሉ፤ እሳቸው መቃኑን ይዘው ቆመዋል። ማወቅና ማመን ለየቅል ነው፤ አልፈረድኩባቸውም። ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ ግን ተጣራሁ።

«እማማ! ይግቡ እንጂ! ማንን ልያዝ?»

ገቡ። ከኋላዬ ተቀምጠው በጉልበታቸው መሐል አስገብተው ያዙኝ። ልባቸው ጀርባዬ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ነበሩ የሚያምጡት። ልጅቱ ወጣች። አንድ አፍታ ዝም አለች። ያቺ አፍታ እንዴት እንዳለፈች እኔና እሳቸው እናውቃለን። ከዚያ አለቀሰች።

ሴቶቹ እልል ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ አማቴ ቀደሟቸው። ለተረፈላቸው ብቸኛ ልጅ እንኳ እልል ያልተባለላቸው ሴት፣ ድምፃቸው ያን ያህል ነው ብሎ ማን ይገምታል? ለሴት ልጅ እልልታው ከወንድ ያንሳል፣ ቁጥሩም ይታወቃል። ቁጥሩ ሞላ፤ ሴቶቹ አቆሙ፤ እሳቸው አላቆሙም። ለወንድ የሚባለውንም አለፉት። እንባቸው ትከሻዬ ላይ እየወረደ እልልታውን ቀጠሉ።

አንዷ ጎረቤት፣ «እማማ፣ ሴት እኮ ናት፣ ይብቃዎት» አለቻቸው።

«ተዪኝ» አሉ። «የቆየብኝ አለ።»